ከቦዩ እስከ ጣና፦ በፍሳሽ ውሃ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪትን እንዴት ፈልገን እናገኛለን?

አንድ ሕመምተኛ 500 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲውጥ ግማሽ ያህሉ መልኩን ሳይለውጥ በሽንቱ ይወጣል። ከዚያ ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓዱ ሲሞላ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ይወስደዋል፤ ከሞላ በኋላ ዘግይቶ የሚጠራ ከሆነ ደግሞ ክረምቱ ቀድሞ ያነሣዋል። ባሕር ዳር ላይ ጎርፍ ሁሉ የሚሄደው ወደ ሁለት ቦታ ነው፦ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ።

ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይስፋ እንጂ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። ስፋቱን አይቶ «ይህ ሁሉ ውሃ ያቀጥነዋል» የሚል ሰው የዳርቻውን ውሃ ቀረብ ብሎ ቢያይ ጥሩ ነው፤ ደንገሉ ሥር ያለው ውሃ ከመካከሉ ጋር ቶሎ አይቀላቀልም። ትንሽ መጠንም ትንሽ ጉዳት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በካናዳ አንድ የሙከራ ሐይቅ ውስጥ በወሊድ መከላከያ እንክብል የሚገኘውን ሆርሞን በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም (የግራም ቢሊዮንኛ) ብቻ ሲጨምሩበት፣ በሐይቁ የነበረች አንዲት የትንንሽ ዓሣ ዝርያ ልትጠፋ ደርሳ ነበር። በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች በሚኖሩበት ጣና ዳር ቆሞ ይህን ማሰብ ያስጨንቃል። ጉዳዩ የሩቅ አገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በ104 አገሮች 258 ወንዞችን የፈተሸ ጥናት ከፍተኛ የመድኃኒት ክምችት ከተገኘባቸው ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ መሆኗን አሳይቷል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ለውሃና ለአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች፣ የራሱን ቦይ መመርመር ለሚፈልግ የጤና ተቋምም ነው። ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ውጤቱ የሚበላሸውም የሚታመነውም ናሙናው ማሽኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው።

አንደኛ፦ ከፋርማሲው መዝገብ ጀምሩ

ብዙዎች የሚጀምሩት «ማሽኑ ምን መለካት ይችላል?» ከሚለው ነው። እናንተ «ከተማው ምን ይውጣል?» ከሚለው ጀምሩ። ፈቃድ ጠይቃችሁ የተቋሙን ፋርማሲ የሦስት ወር ወጪ መዝገብ ተመልከቱ፤ የሕሙማን ስም አያስፈልጋችሁም፣ የመድኃኒት ስም፣ መጠንና ብዛት ይበቃችኋል። ለተኝተው ታካሚና ለተመላላሽ የወጣውን ለይታችሁ ጻፉ። ተመላላሹ እቤቱ ወስዶ ስለሚውጠው ቅሪቱ የሚወጣው ከሆስፒታሉ ቦይ ሳይሆን ከሰፈሩ ጉድጓድ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ደግሞ ከናካቴው መዝገብ ላይ የለም፤ ስለዚህ በአካባቢው ያሉ የመድኃኒት መደብር ባለሙያዎችን በቃል ጠይቁ። ከብት የሚጠጣበት ዳርቻ ከሆነ የእንስሳት መድኃኒት ሻጩንም አትለፉት፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በእርሱ በኩል ነው።

በብዛት የተሸጠው ሁሉ በውሃ ውስጥ ይገኛል ማለት አይደለም። አሞክሳሲሊን ጥሩ ምሳሌ ነው። በመዝገብ ላይ ከፊት ይሰለፋል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን የሞለኪዩሉ ቀለበት ቶሎ ስለሚከፈት ይጠፋል። አሞክሳሲሊንን ብቻ ፈልጎ ያጣ ሰው «ቦዩ ንጹሕ ነው» ብሎ ቢጽፍ ተሳስቶ ያሳስታል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን በተቃራኒው አይጠፉም፤ ዝቃጩ ላይ ይለጠፋሉ፣ ስለዚህ ከውሃው ጋር ዝቃጩም መመርመር አለበት። ሰልፋሜቶክሳዞልና ትራይሜቶፕሪም፣ ሰው በልማድ ባክትሪም የሚለው መድኃኒት ሁለት አካላት፣ ውሃው ውስጥ ሟሙተው ይጓዛሉ።

ለመጀመሪያ ሥራ የምመክረው ዝርዝር ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሰልፋሜቶክሳዞል፣ ትራይሜቶፕሪም፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ዳይክሎፌናክ፣ ፓራሲታሞልና ካርባማዜፒን ነው። የመጨረሻው ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ ሲሆን በማጣሪያ ገንዳም በቀላሉ አይፈርስም፤ ባያችሁት ጊዜ ውሃው የሰው ፍሳሽ እንደነካው፣ ፍሳሹ ቢቆይም እንኳ፣ ታውቃላችሁ። ፓራሲታሞል ቶሎ ይፈርሳል፤ እርሱ በብዛት ከተገኘ ፍሳሹ ትኩስና ያልታከመ ነው። በሌላው ዓለም ለዚህ ምልክትነት ካፌይንን ይጠቀማሉ። እኛ ዘንድ ግን በየደጁ የቡና አተላ ወደ ቦይ ይደፋል፣ ዘጌም የቡና ደን ነው፤ ካፌይን ብቻውን የሽንት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፦ ቦዩን በእግራችሁ ተከተሉት

ካርታ ይዛችሁ ከመነሻው እስከ ሐይቁ ድረስ ሂዱ። ቢያንስ አራት ነጥብ ያስፈልጋችኋል፦ ፍሳሹ ከተቋሙ የሚወጣበት፣ ማጣሪያ ገንዳ ካለ ከገንዳው በኋላ፣ ቦዩ ሐይቁን ወይም ዓባይን የሚገናኝበት፣ እና ፍሳሹ የማይደርስበት ማነጻጸሪያ። ማነጻጸሪያውን ከዳርቻ ራቅ ብሎ በጀልባ ሄዶ መቅዳት ይሻላል። ቦዩ መንገድ ላይ ሌላ ቦይ ከተቀላቀለው፣ መኪና የሚታጠብበት ወይም ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ካለ ጻፉት።

አንድ ማለዳ ዳርቻው ላይ ገመድ የታሰረበት ጠርሙስ ስናወርድ፣ ልብስ ሲያጥቡ የነበሩ አንዲት እናት ቀና ብለው «ልጆቼ፣ ውሃው ታሟል እንዴ?» አሉን። «እማማ፣ ገና ልንመረምረው ነው» አልናቸውና ምን እንደምንፈልግ በዝርዝር አስረዳናቸው። እርሳቸው ናቸው ቦዩ በየትኛው ሰዓት እንደሚሞላና ሽታው በየትኛው ቀን እንደሚበረታ የነገሩን። በዳርቻው የሚውል ሰው፣ አሣ አጥማጁም ልብስ አጣቢዋም፣ ከየትኛውም ካርታ የበለጠ ያውቃል፤ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ጠርሙሱንም ራሳችሁንም አዘጋጁ

ቡናማ የብርጭቆ ጠርሙስ አንድ ሊትር የሚይዝ ምረጡ። ፕላስቲክ አንዳንዱን መድኃኒት ግድግዳው ላይ ያስቀረዋል፣ ብርሃን የሚያስገባ ጠርሙስ ደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ያፈርሰዋል። በሳሙና እጠቡ፣ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ በመጨረሻ በሜታኖል አለቅልቁና አፉን ሸፍናችሁ አድርቁ።

የጤና ተቋም ቦይ በረኪና አያጣውም። በውሃው ውስጥ የቀረ ክሎሪን ናሙናው ጠርሙስ ውስጥ ካለ በኋላም መድኃኒቱን ማፍረሱን ይቀጥላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በየጠርሙሱ ለአንድ ሊትር 80 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ታዮሰልፌት ጨምሩ። ይህ ነገር ርካሽ ነው፤ ተረስቶ ከቀረ ግን ከጽዳት ሰዓት በኋላ የተቀዳ ናሙና ሁሉ ባዶ ይመስላል።

አሁን ስለ ራሳችሁ። ናሙና በምትቀዱበት ቀን ጧት ቡና አትጠጡ፣ የራስ ምታት እንክብልም ዳይክሎፌናክ ያለበት ቅባትም አትንኩ። ሕመም ያለበት ሰው ያን ቀን መዝገብ ይያዝ፣ ጠርሙስ አይንካ። አንድ ጊዜ ከመስክ ይዘነው የተመለስነው ባዶ ናሙና፣ ማለትም ንጹሕ ውሃ ሞልተን ቦታው ላይ ከፍተን የዘጋነው ጠርሙስ፣ ካፌይን አሳየ። ወደ ኋላ ስናጣራ ከመካከላችን አንዱ ቡና ጠጥቶ፣ ጓንት ሳይቀይር ክዳን ይዞ ነበር። የዚያን ቀን የአሥራ ሁለት ጠርሙስ የካፌይን ውጤት ጣልን። ያለዚያ ባዶ ናሙና ግን ስሕተቱን እንደ ግኝት ይዘን እንወጣ ነበር። በየዘመቻው አንድ የመስክ ባዶ ናሙና፣ አንድ መንታ ናሙና፣ የታወቀ መጠን የተጨመረበት አንድ ናሙና የግድ ነው። እነዚህ ሦስቱ «ወጪ ለመቀነስ» ሲባል የቀሩበትን ሪፖርት እኔ አላምነውም።

አራተኛ፦ መቅዳት

በመጀመሪያ ደኅንነት። ረጅም ቦቲ፣ ወፍራም የጎማ ጓንት ከሥሩ ቀጭን ጓንት፣ የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል። የሄፓታይተስ ቢ እና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልወሰደ ሰው አይሰማራ። የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ በፍጹም አትግቡ፣ አንገታችሁንም አታስገቡ፤ እዚያ የሚታመቀው ጋዝ ሰውን በደቂቃ ውስጥ ይገድላል፣ ሊያወጣው የገባውንም ይጨምራል። ጠርሙሱን በረጅም እንጨት ወይም በገመድ አውርዱ።

አንድ ጊዜ የተቀዳ ናሙና የዚያችን ደቂቃ ብቻ ይናገራል። የሆስፒታል ፍሳሽ ጧት ሰው ሲነሣና ሲታጠብ ይሞላል፣ ሌሊት ይቀንሳል። ስለዚህ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ እየቀዳችሁ፣ አሥራ ሁለቱን በፍሰቱ መጠን አቀላቅሉ። ቦዩ በሰከንድ አንድ ሊትር ሲያወርድ 100 ሚሊ ሊትር ከጨመራችሁ፣ ሁለት ሊትር ሲያወርድ 200 ትጨምራላችሁ። ፍሰቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቱቦው በሚወርድበት ቦታ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ አስቀምጡ፣ በሰዓት ያዙ። በ16 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 1.25 ሊትር ነው። የሌሊቱ ተረኛ እንዳይተኛ ሁለት ሰው መድቡ፣ ዘበኛውንም ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ከሐይቁ ስትቀዱ ደግሞ ጠርሙሱን ከላይኛው ገጽ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ ገጹ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባትና ገለባ መግባት የለበትም። ሰዓቱንም ጻፉ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ የዳርቻ ውሃ በብርሃን የሚፈርሱትን መድኃኒቶች ከንጋቱ ናሙና ያነሰ ሊያሳይ ይችላል። በቦታው ላይ የውሃውን ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነት መጠን)፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትና የሟሟ ኦክስጅን ለክታችሁ መዝግቡ።

አንድ ዘመቻ አይበቃም። በሚያዝያና በነሐሴ ያለው ውሃ አንድ አይደለም፤ ክረምት ያቀጥናል፣ ግን ጉድጓዶችንም ያጥባል። የትኛው እንደሚያመዝን ሁለቱንም ሳትለኩ አትገምቱ።

አምስተኛ፦ እስከ ቤተ ሙከራ

በበረዶ ሳጥን ውስጥ፣ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ በጨለማ። በተቻለ መጠን በ48 ሰዓት ውስጥ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣን ማመን ስለማይቻል በረዶ ሁልጊዜ በመጠባበቂያ ይኑር።

ስድስተኛ፦ ማጣራትና ማከማቸት

መድኃኒቱ በናኖግራም ስለሚገኝ ማሽኑ እንዲያየው ከብዙ ውሃ ወደ ጥቂት ጠብታ መሰብሰብ አለበት። መጀመሪያ በ0.7 ማይክሮ ሜትር የብርጭቆ ቃጫ ማጣሪያ አጣሩ። ማጣሪያው ላይ የቀረውን አትጣሉት፤ የተለጠፈው ሲፕሮፍሎክሳሲን እዚያ ነው፣ ለብቻው ይመረመራል።

ከተጣራው የሆስፒታል ፍሳሽ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከሐይቁ ውሃ ደግሞ ከ500 ሚሊ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ለኩ። የሆስፒታሉን ብዙ ካደረጋችሁት ይደፈናል። የውስጥ መለኪያውን የምትጨምሩት አሁን ነው። ይህ ከባድ አይዞቶፕ (በክብደቱ ብቻ የሚለይ አቶም) ያለበት የዚያው መድኃኒት ወንድም ነው፤ ከዚህ በኋላ በየደረጃው የሚጠፋውን ያህል እርሱም አብሮ ስለሚጠፋ በመጨረሻ የጎደለውን ይነግራችኋል። ዘግይቶ ከተጨመረ ሥራውን አይሠራም። ለቴትራሳይክሊንና ለሲፕሮፍሎክሳሲን በምትመድቡት ክፍል ላይ በሊትር 500 ሚሊግራም ኢዲቲኤ ጨምራችሁ ፒኤቹን ወደ 2 ወይም 3 አውርዱ፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዘዋቸው እንዳይቀሩ ነው። ለሌሎቹ ፒኤች 7 ይበቃል።

ካርትሪጁ፣ ማለትም ናሙናው ሲያልፍበት መድኃኒቱን የሚይዘው ትንሽ ቱቦ፣ ውሃ ወዳድም ቅባት ወዳድም የሆነ ፖሊመር ያለበት፣ ኤችኤልቢ የሚባለው ይሁን። በ5 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ ቀጥሎ በ5 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አርጥቡት። የሚቀጥለው ክፍል ሰዓት አይቶ የሚቸኩል ሰው ሥራ አይደለም። ናሙናው በደቂቃ 5 ሚሊ ሊትር ይውረድ፤ በዓይን ሲታይ በሰከንድ ሁለት ጠብታ ያህል ማለት ነው። ጠብታው ክር ሆኖ ከወረደ ፈጥኗል፣ መድኃኒቱ ሳይያዝ ያልፋል። አልጋው፣ ማለትም በካርትሪጁ ውስጥ ያለው ፖሊመር፣ መካከል ላይ እንዳይደርቅ ጠብቁት። የቦይ ውሃ ሲያልፍ ነጩ አልጋ ከላይ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሻይ ቀለም ይይዛል፤ ይህ የበሰበሰ ዕፅና የቆሻሻ ቀለም ነው፣ በኋላ ማሽኑን የሚያስቸግረውም እርሱ ነው። ቀለሙ የአልጋው ታች ድረስ ከደረሰ ካርትሪጁ ሞልቷል ማለት ነው፤ ናሙናውን ቀንሳችሁ በአዲስ ካርትሪጅ ጀምሩ።

ከዚያ 5 በመቶ ሜታኖል ባለበት ውሃ እጠቡት፣ በቫኩም 20 ደቂቃ ያህል አድርቁት፣ ሁለት ጊዜ በ4 ሚሊ ሊትር ሜታኖል አውጡት። የወጣውን በ40 ዲግሪ በቀስታ የናይትሮጅን ነፋስ አትንኑት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃና ሜታኖል መልሳችሁ አሟሙት።

ለባሕር ዳር ሰው የሚጠቅም ነገር ልጨምር። የሚያስፈልገው ማሽን ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ከሆነ ጠርሙስ አትላኩ። ካርትሪጁን ጭናችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አስቀምጡና ካርትሪጁን ላኩ። የሰው ጣት የሚያህል ነገር ነው፤ መድኃኒቱም ውሃ ውስጥ ካለው ይልቅ እዚያ ላይ ይበረክታል።

ሰባተኛ፦ መለካት

ምርጡ መሣሪያ ድብልቁን አንድ በአንድ የሚለየው ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ፣ ክብደት ከሚለካው መንታ ማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ነው። እያንዳንዱን መድኃኒት በክብደቱና ሲሰበር በሚሰጠው ቁራጭ ይለየዋል፦ ካርባማዜፒን ከ237 ወደ 194፣ ሰልፋሜቶክሳዞል ከ254 ወደ 156፣ ሜትሮኒዳዞል ከ172 ወደ 128። ለእያንዳንዱ ሁለት ቁራጭ ተከታተሉ። የሁለቱ ምጣኔ ከንጹሑ መድኃኒት በ30 በመቶ ውስጥ፣ የሚወጣበት ጊዜም በ0.1 ደቂቃ ውስጥ ካልገጠመ «ተገኘ» አትበሉ።

ያላችሁ በአልትራቫዮሌት የሚለካ ተራው ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ (ኤችፒኤልሲ) ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ካከማቻችሁ በኋላ በሊትር በማይክሮግራም ደረጃ ያለውን የሆስፒታል ፍሳሽ ያሳያችኋል፤ የሐይቁን ግን በአብዛኛው አያሳይም። ሜትሮኒዳዞልን በ320፣ ሰልፋሜቶክሳዞልን በ270፣ ካርባማዜፒንን በ285 ናኖ ሜትር ፈልጉ። በማሽኑ ግራፍ ላይ ጫፍ ስታዩ ንጹሑን መድኃኒት ጨምራችሁ ያው ጫፍ ብቻ ከፍ ማለቱን አረጋግጡ፤ አጠገቡ ሌላ ጫፍ ከበቀለ የመጀመሪያው ሌላ ነገር ነበር።

ምንም ማሽን ከሌለስ? የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ካላችሁ ሁለት ነገር መሥራት ትችላላችሁ። አንደኛው፣ የተከማቸውን 20 ማይክሮ ሊትር በወረቀት ዲስክ ላይ አድርጋችሁ ሜታኖሉ እስኪተን ጠብቁ፣ ባሲለስ ሰብቲለስ የሚባል ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር (የባክቴሪያ ማብቀያ) ላይ አኑሩት። ዙሪያው ከጠራ ባክቴሪያ የሚገታ ነገር አለ ማለት ነው፤ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ሜታኖል ብቻ የነካው ዲስክ አጠገቡ ይኑር። ሁለተኛው ውጤቱን መመልከት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ በሊትር 4 ሚሊግራም ሴፎታክሲም የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ባለበት ቲቢኤክስ አጋርና በሌለበት ላይ ያንኑ ውሃ ዝሩ፣ በሁለቱም ላይ የበቀሉትን ሰማያዊ አረንጓዴ የኢ. ኮላይ (የአንጀት ባክቴሪያ) ነጠብጣቦች ቁጠሩ። መድኃኒቱ ላይ የበቀሉት ከጠቅላላው ስንት እጅ ናቸው? ይህ ቁጥር የመድኃኒቱን መጠን አይለካም፤ የተላመደው ባክቴሪያ በቦዩ ውስጥ እንዳለ ግን በዓይን ያሳያል።

ስምንተኛ፦ ስሌቱ

ለምሳሌ ያህል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር ፍሳሽ ተከማችቶ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 700 ናኖግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ተገኘ እንበል። 700 ለ0.1 ሊትር ሲካፈል በሊትር 7,000 ናኖግራም፣ ማለትም 7 ማይክሮግራም ነው። የውስጥ መለኪያ ካልተጠቀማችሁና የታወቀ መጠን ጨምራችሁ ያገኛችሁት 70 በመቶ ብቻ ከነበረ፣ 7 ለ0.7 ተካፍሎ 10 ማይክሮግራም ይሆናል። መልሶ የሚገኘው ከ70 እስከ 120 በመቶ ከሆነ ይሁን፤ ከዚያ ከወጣ ወደ ካርትሪጁ ተመለሱ። የቀኑ አማካይ ፍሰት በሰከንድ 1.25 ሊትር ቢሆን በቀን 108,000 ሊትር ነው፤ ጭነቱ በቀን 1.08 ግራም ይሆናል፣ ከሁለት እንክብል ጥቂት የሚበልጥ።

አሁን የፋርማሲውን መዝገብ መልሳችሁ አውጡ። ለተኝቶ ታካሚዎች በዚያ ቀን 12 እንክብል ተሰጥቶ ከነበረ 6 ግራም ነው፤ በሽንት የሚጠበቀው 3 ግራም ገደማ ነው። የጎደለው የት ሄደ? ዝቃጩን ያላያችሁ ከሆነ መልሱ እዚያ ሊሆን ይችላል። ያገኛችሁት ከተሰጠው በላይ ከሆነ ግን ወይ ስሌቱ ተሳስቷል፣ ወይ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ወደ መጸዳጃ ተደፍቷል፤ ሁለቱንም ሳታጣሩ አትለፉ።

መጠኑ ምን ማለት እንደሆነ ለመመዘን፣ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ወደ መላመድ ሊገፋ ይችላል ተብሎ የታሰበውን ወሰን ተጠቀሙ፦ ለሲፕሮፍሎክሳሲን በሊትር 0.064 ማይክሮግራም፣ ለሜትሮኒዳዞል 0.125፣ ለትራይሜቶፕሪም 0.5። ይህ የተሰላ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሪፖርታችሁ ላይም እንዲሁ ጻፉት። «አልተገኘም» ስትሉ ደግሞ ማሽናችሁ ሊያየው የሚችለውን ዝቅተኛ መጠን አብራችሁ አስቀምጡ።

ዘጠነኛ፦ ከሥራው በኋላ

ውጤቱን መጀመሪያ ቦዩ ለሆነው ተቋም አሳዩት፤ የሚያስተካክለው እርሱ ነውና። ከዚያ ዳርቻው ላይ ላገኛችኋቸው ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው፤ የረዷችሁ እነርሱ ናቸውና።

የተረፈውን ሜታኖልና የሟሟ ንጹሕ መድኃኒት ወደ ቤተ ሙከራው ማጠቢያ አትድፉ። ለመለኪያ የሟሟ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ስትለኩት ከነበረው ቦይ የሺህ ሊትር ፍሳሽ መድኃኒት ሊይዝ ይችላል፣ ማጠቢያውም የሚወርደው ወደዚያው ነው። «የመድኃኒት ቅሪት ያለበት ሜታኖል» ብላችሁ ጽፋችሁበት፣ ቀኑን አክላችሁ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ የብርጭቆ ማሰሮ ለብቻው አስቀምጡ፤ ማቃጠያ ላለው ተቋም እስክታስረክቡም ድረስ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይሁን።